በነጻ የመጣችው ወታደር

ልጁ ሁለተኛዋን ወታደር ወደ ፊት ገፋና ሰዓቱን ጠቅ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ወታደሯ ኤፍ4 ላይ ብቻዋን ቆማለች። ከኋላዋ የሚጠብቃት ማንም የለም። "ብዪኝ" የምትል ነው የምትመስለው።

ይህን የምጽፈው እንደዚህ ዓይነት ወታደር ሲቀርብላቸው እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች ነው። አሠልጣኝ አይደለሁም። ደረጃም የለኝም። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ቼዝ የጀመርኩት ከ30 ዓመቴ በኋላ ነው። ግን በዚች ነጻ ወታደር ምክንያት አንድ ጊዜ በሰው ፊት ተዋርጃለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አሸንፌያለሁ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

ቅድሚያ ግን ቤቶቹን እንዴት እንደምጠራቸው። ከነጩ ተጫዋች ግራ ተነስታችሁ ዓምዶቹን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች በሏቸው። ረድፎቹ ደግሞ ከነጩ በኩል ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። "ዲ4 አሉ" ብቻ ካልኩ ወታደር ዲ4 ላይ አስቀመጡ ማለቴ ነው። ሰሌዳ ካላችሁ አውጡና ጠጠሩን ደርድሩ። ያለ ሰሌዳ ካነበባችሁት ግማሹ ነው የሚገባችሁ።

ጋምቢት ማለት በመክፈቻው ላይ ሆን ብሎ ወታደር መስጠት ነው፤ አንዳንዴ ከወታደርም በላይ ይሰጣል። በምትኩ ጊዜና ክፍት መንገድ ይገኛል። ቃሉ የመጣው ከጣልያንኛ ነው፤ እግር ጠልፎ መጣል ከማለት። ለቼዝ መክፈቻ ያዋለው ሩይ ሎፔዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ ነው፣ በፈረንጆቹ 1561 (ሌሎቹንም ዓመታት የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው)። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ የሚታገሉ ልጆችን አይታችሁ ከሆነ ትርጓሜ አያስፈልጋችሁም። ጉልበት ያለው ልጅ ወደ ፊት ሲገፋ፣ ብልጡ ዞር ብሎ እግሩን ያስቀምጥለታል። ጠለፋ። የሚወድቀው በራሱ ግፊት ነው።

እኔም የወደቅኩት በራሴ ግፊት ነበር።

የመጀመሪያ ውድድሬ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ መነጽር ያደረጉ ጎልማሳ ሰው ደረሱኝ። ነጭ እሳቸው ናቸው። ዲ4 አሉ፣ እኔም ዲ5። ከዚያ ሲ4 ላይ ወታደር አቀረቡልኝ። የንግሥት ጋምቢት ነው። ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። በነጻ መሰለኝና በላሁ። እስከዚህ ድረስ ምንም ጥፋት የለም፤ ትልልቆቹም ይበሏታል።

ጥፋቱ ከዚያ በኋላ መጣ። እሳቸው ኢ3 አሉ። የሲ4 ወታደሬን በጳጳሳቸው ሊበሉ ነው። እኔ ደግሞ "አንዴ የያዝኩትን ማን ይለቃል?" ብዬ ቢ5 አልኩ፣ ልጠብቃት። እሳቸው ኤ4። ሰንሰለቴን መቱ። እኔ ሲ6። አሁንም ልጠብቅ። ቢ5 ላይ በሉ፤ እኔም በሲ6 ወታደሬ መልሼ በላሁ። ልቤ ሞልቷል፤ አንድ ወታደር እየመራሁ ነው።

ሰውየው ንግሥታቸውን በሁለት ጣት አንስተው ኤፍ3 ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡ። አልገባኝም። አየሁ፣ አየሁ። ከዚያ ዓይኔ በሰያፉ ሄደ። ኢ4፣ ዲ5፣ ሲ6፣ ቢ7። ሁሉም ባዶ። መጨረሻው ላይ ኤ8፤ ጥጉ ላይ የተቀመጠው ግንቤ። መንገዱን ያጸዳሁላቸው እኔው ነኝ፣ አንዷን ወታደር ለመጠበቅ ስል። ግንቡን ለማዳን ፈረሴን ሲ6 ላይ ከፊቱ ደቀንኩ። ያለ ምንም ዋጋ ተበላ። ገና ስድስተኛው እርምጃ ላይ ነን! አጠገባችን የቆሙት ሰዎች አንገታቸውን ሲነቀንቁ ይታየኛል። ሃያ ምናምን እርምጃ ተንገታግቼ እጅ ሰጠሁ።

ጋሼ በር ላይ ሻይ ይዞ ጠበቀኝ። ጋሼ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። (አንቱ ሳልለው ስጽፍ ቅር እንዳይላችሁ። ድሬ ውስጥ ሽማግሌውም ሕፃኑም "አንተ" ነው። አንቱ ብለው ራሱ "አቦ ተይኝ፣ ገና አልሞትኩም" ይለኛል።) ምድር ባቡር ውስጥ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ቼዙም የፈረንሳይ ነው። ንጉሥ ሲያጠቃ ቼክ አይልም፣ "ኤሼክ" ነው የሚለው። ጳጳሱን "ፉ" ይለዋል፤ በፈረንሳይኛ እብድ ማለት ነው። "አንዱ አገር ጳጳስ፣ ሌላው አገር እብድ" እያለ ይስቃል። ጠጠር ለማስተካከል ስትነኩ "ጃዱብ" ማለት እንዳለባችሁ ያስተማረኝም እሱ ነው። ይህቺን እናንተም ያዟት፤ በውድድር ላይ ሳትናገሩ ከነካችሁ የነካችሁትን ትጫወታላችሁ።

ታሪኩን ነገርኩት። ስቆ ሲያበቃ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የሰው ወርቅ አያደምቅ።"

በማግስቱ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ፣ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋና ድሬ በሙቀቱ ስትተኛ፣ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ላይ ሰሌዳ ዘረጋን። ግማሹ ከተማ በርጫ ላይ ነው፣ እኛ ኤፍ3 ላይ። ያንኑ ጨዋታ እንደገና አስጀመረኝ። ሲ4ን በላሁ። ኢ3 አለ። "አሁን ተያት" አለኝ። ፈረሴን ኤፍ6 ላይ አወጣሁ። ወታደሯን በጳጳሱ በላት። ኢ6፣ ቀጥሎ ሲ5፣ ከዚያ ጳጳሴን አውጥቼ ንጉሤን አስገባሁ (ንጉሡና ግንቡ በአንድ ተራ አብረው የሚንቀሳቀሱበት፣ ካስሊንግ የሚሉት ነው)። አየሁት፤ ምንም አልጎደለብኝም። ወታደር እኩል ነን፣ ጠጠሮቼ ወጥተዋል፣ ንጉሤ ቤቱ ገብቷል። ወታደሯን በላኋት፣ እሱ ሊያስመልሳት ጊዜውን አጠፋ፣ እኔ በዚያ ጊዜ ሥራዬን ሠራሁ። በቃ ይኸው ነው። ጋምቢት የሚገድላችሁ ስትበሉ ሳይሆን የበላችሁትን አንለቅም ስትሉ ነው።

ይህ የጀማሪ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1960 አርጀንቲና፣ ማር ዴል ፕላታ ላይ ቦሪስ ስፓስኪ ለቦቢ ፊሸር የንጉሥ ጋምቢትን አቀረበለት፤ ሁለቱም በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል። ፊሸር በላ፤ ወታደሯን ለመጠበቅም ጂ5 ብሎ ጠንካራውን መንገድ ሄደ። ጥሩ ተጫውቶ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ግን ተሸነፈ። በጣም ስለተናደደ በ1961 የንጉሥ ጋምቢት ሞቷል የሚል ጽሑፍ ጻፈ። የሚያስቀው፣ በኋላ ራሱ ነጭ ሆኖ ያንኑ ጋምቢት ተጫወተው። ከዚያም በፊት በ1851 ለንደን ላይ አንደርሰን ለኪዘሪትስኪ ይህንኑ ጋምቢት ሰጥቶት ነበር። ኪዘሪትስኪ ወታደሯን በላ። ቀጥሎ ጳጳስ በላ፣ ሁለቱንም ግንቦች በላ፣ ንግሥቲቱንም በላ። ከዚያ ማት ሆነ፤ ንጉሡ መውጫ አጣ። ሆዱ ሞልቶ ሞተ።

ለኢቫንስ ጋምቢትም መድኃኒቱ አንድ ዓይነት ነው። እዚያ የሚቀርብላችሁ ቢ4 ላይ ያለው ወታደር ነው፣ በጳጳሳችሁ ትበሉታላችሁ። ከ1894 እስከ 1921 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኢማኑኤል ላስከር ያስለመደው መንገድ ጳጳሱን ወደ ኤ5 መልሶ፣ ዲ6 ብሎ፣ ቀጥሎ ጳጳሱን ቢ6 ላይ አድርጎ፣ "ከፈለግክ ወታደርህን ውሰድ" ማለት ነው። ነጩ ከወሰደ ንግሥቶች ይለዋወጣሉ፣ ማዕበሉም ያልፋል። ከዚህ በላይ አልገባበትም። ድሬ ውስጥ ኢቫንስ የሚጫወት አንድ ሰው ብቻ ነው የገጠመኝ፣ እሱም ረስቶት መሃል ላይ ጠየቀኝ።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ።

ሌላ ውድድር ላይ ነን፣ አራተኛው ዙር ነው። ለእያንዳንዳችን 30 ደቂቃ ተሰጥቶናል። አዳራሹ ውስጥ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ የሚያመጣው አየር ትኩስ ነው። ልጁ ሦስቱንም ዙር አሸንፎ ነው የመጣው። ሦስቱንም በጥቃት። ኮሪደር ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ፤ "ፈረሱን ይሰጣል፣ ከዚያ አትተነፍስም።"

ኢ4 አለ፣ እኔ ኢ5። ኤፍ4። የንጉሥ ጋምቢት።

በላሁ።

ፈረሱን ኤፍ3 ላይ አወጣ። ይህ እርምጃ የግድ ነው ማለት ይቻላል፤ አለዚያ ንግሥቴ ኤች4 ላይ ቼክ ልትለው ትችላለች። አሁን ልጁ የሚጠብቀው ጂ5 ነው። ወታደሬን በወታደር እንድጠብቅ። ያኔ ጳጳሱን ሲ4 ላይ ያወጣል፣ እኔ ፈረሱን በጂ4 እገፋዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ፈረሱን ትቶ ንጉሡን ያስገባል። "ፈረሱን ይሰጣል" ያሉት ይህንን ነው። ሙዚዮ ጋምቢት ይባላል። በኮምፒዩተር ምናልባት ትተርፉ ይሆናል። በ30 ደቂቃ፣ በድሬ ሙቀት፣ እኔ አልተርፍም።

ዲ5 አልኩ።

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ከሰዓቱ አጠገብ አነሳ። እኔም ወታደር አቀረብኩለት። ኢ4 ያለው ወታደሩ ዲ5 ላይ በላ። እዚህ ላይ ንግሥታችሁን አውጥታችሁ መልሳችሁ እንዳትበሉ። ፈረሱ ሲ3 ላይ ወጥቶ ያባርራታል፣ በነጻ ጊዜ ያገኛል። እኔ ፈረሴን ኤፍ6 ላይ አወጣሁ። ወታደሯ የትም አትሄድም። ጳጳሱን ሲ4 ላይ አመጣ፣ እኔ በፈረሴ ዲ5 ላይ በላሁ። ንጉሡን አስገባ። እኔ ጳጳሴን ኢ7። እሱ ዲ4፣ እኔም ንጉሤን አስገባሁ። ይኼኔ ትንፋሼ ወረደ። ሰባት እርምጃ ተጫውተን ንጉሤ ቤቱ ገብቷል። የንጉሥ ጋምቢት ዋና ሥራው ይህንን መከልከል ነው።

ጳጳሱን ሰጥቶ ዲ5 ላይ ፈረሴን በላ፤ በንግሥቴ መለስኩ። ከዚያ በሌላኛው ጳጳሱ ኤፍ4 ያለችውን ወታደሬን በላት። ያቺን ወታደር። ሒሳብ ተዘጋ፤ ከሁለታችንም ሁለት ሁለት ወታደር ጠፍቷል። እኔ ግን ሁለት ጳጳስ አለኝ፣ እሱ አንድ። ሰሌዳው እየሰፋ ሲሄድ ይህ ዋጋ አለው።

ሲ5 ብዬ መሃሉን መታሁ። ፈረሱን ሲ3 ላይ አውጥቶ ንግሥቴን አባረረ። ንግሥቴን ሲ4 ላይ አስቀመጥኩ። እውነት ለመናገር ብዙ አስቤበት አይደለም። ዲ4ን እንድታይልኝና ከፈረሱ እንድትርቅልኝ ብቻ ነው።

ልጁ አሰበ። ሙቀቱ፣ ማራገቢያው፣ ከውጭ የባጃጅ ድምፅ። ከዚያ በዲ4 ወታደሩ ሲ5 ላይ በላ። ወታደር በነጻ።

እጄ ሄዷል። ጳጳሴ ሲ5ን መልሶ ይበላል፣ ቼክም ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ጣቴ ጳጳሱን ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ጋሼ ትዝ አለኝ። "እጅሽን ጭንሽ ሥር አድርጊ" ይለኛል ሁልጊዜ። እጄን ሰበሰብኩና ቃል በቃል ተቀመጥኩበት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ያቺ ወታደር ከዲ4 ስትነሳ የትኛው መንገድ ተከፈተ?

ንግሥቴ ሲ4 ላይ ናት። ዲ4 ባዶ። ኢ4 ባዶ። ኤፍ4 ላይ ጳጳሱ። ማን ይጠብቀዋል? ግንቡ ኤፍ1 ላይ ነው፣ ግን የራሱ ፈረስ ኤፍ3 ላይ ቆሞ ዘግቶበታል። ሌላ ማንም የለም። እንደገና ቆጠርኩ። ማንም የለም። ወታደር ሲሰጥ የዋለ ልጅ እሱ ራሱ ነጻ ወታደር ሲያይ አላስቻለውም።

በንግሥቴ ጳጳሱን በላሁ።

ልጁ ግን አልደነገጠም። ወዲያው ፈረሱን ዲ5 ላይ ዘለለ። አሁን የደነገጥኩት እኔ ነኝ። ፈረሱ ንግሥቴንም ኢ7 ያለውን ጳጳሴንም አንድ ላይ ያዛቸው። ንግሥቴን ባሸሽ ጳጳሴን በቼክ ይበላዋል። ልቤ ቀጥ አለ። "አቦ፣ እንደገና?" ብዬ በሆዴ። ጆሮዬ ጋለ። ሁለት ደቂቃ ያህል ምንም አልታየኝም። እንዲህ ዓይነት ጊዜ ላይ ሰሌዳውን ማየት ትቼ የውኃዬን ጠርሙስ ነው የማየው። ከንቱ ይመስላል፣ ግን ይሠራል።

ተመልሼ ሳይ አገኘሁት። የተያዘው ጳጳሴ ራሱ መውጫ አለው። ሲ5 ላይ ያለችውን ወታደር ይበላል፣ ሲበላም ንጉሡን ቼክ ይላል። ቼክ ከሆነ ንግሥቴን ለመብላት ጊዜ የለውም። አስቀመጥኩት። "ቼክ" ስል ድምፄ ተሰበረ። ንጉሡን ወደ ኤች1 አሸሸ። ንግሥቴን ዲ6 ላይ መለስኩ። ሁለቱም ተረፉ። ወታደር አምስት ለአምስት ነን፣ እኔ ግን አንድ ሙሉ ጳጳስ ትርፍ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሚጻፍ አይደለም። ትርፍ ሲኖራችሁ ለዋውጡ፣ ቆንጆ ነገር አትፈልጉ። እኔ ንግሥቶችን ለወጥኩ፣ ቀጥሎ አንድ አንድ ግንብ ለወጥኩ። ሰዓቴ ላይ አራት ደቂቃ ሲቀረኝ ልጁ እጁን ዘረጋልኝ። ጥሩ አድርጎ ነው የጨበጠኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

እንዴት ተለማመድሽ የሚለኝ ሰው አለ። ብዙ አይደለም። ሊቼስ የሚባለው መተግበሪያ በነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ኔትወርክ ካለ እዚያ ላይ በቀን 15 ደቂቃ እንቆቅልሽ እሠራለሁ። ኔትወርክ ከሌለ ጋሼ አለ። የመክፈቻ መጽሐፍ አልሸመደድኩም። ለንጉሥ ጋምቢት ያችን ዲ5 ብቻ ነው የያዝኩት፣ ለንግሥት ጋምቢት ደግሞ "ቢ5 አትጫወቺ" የምትለዋን። ብዙ ጀማሪ አሥር መክፈቻ በግማሽ ያውቃል። አንዱን እስከ ስምንተኛው እርምጃ፣ ከነምክንያቱ ማወቅ ይሻላል። ምክንያቱን ካወቃችሁ ተጋጣሚያችሁ ከመስመር ሲወጣ አትጠፉም።

ሌላም አለ፤ ፍጥነት አያስደንግጣችሁ። የጋምቢት ተጫዋቾች የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ቶሎ ቶሎ ነው የሚጫወቱት፣ ቤታቸው ተለማምደው ስለሚመጡ። በድሮው የኛ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ "ወረራ" የሚባል ነገር ነበር። አንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ። የዛሬው ቼዝ ግን ተራ አለው። ተራው የናንተ ሲሆን ሰዓቱም የናንተ ነው፣ ተጠቀሙበት። እኔ ዲ5 ከማለቴ በፊት የማውቀውን እርምጃ ሦስት ደቂቃ ያህል አይቼዋለሁ።

በአምስተኛው ዙር ተሸነፍኩ። የ12 ዓመት ልጅ ናት ያሸነፈችኝ፣ ያለ ምንም ጋምቢት፣ ቀስ ብላ፣ እንደ እናት እየታገሰችኝ። እሱን ሌላ ጊዜ።

ከውድድሩ በኋላ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ሻይ ይዘን ተቀመጥን፣ እኔና ጋሼ። ልጁ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ መጣ።

"ጂ5 ብትይ ኖሮ ምን እንዳዘጋጀሁልሽ ላሳይሽ?" አለኝ።

"አሳየኝ።"

ደረደርነው። ኤፍ4ን በላሁ። ጂ5 አልኩ። ጳጳሱን ሲ4። በጂ4 ፈረሱን ገፋሁት። ዓይኑ እያበራ ንጉሡን አስገባና ፈረሱን ተወልኝ። ጋሼ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ፈረሱን በላሁት።

በ20 እርምጃ ውስጥ ማት አደረገኝ። ጋሼ ከሳቁ የተነሳ ሻዩ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።